ቡና ሆይ፣ አባትህ ማነው?

የእህቴ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስትመጣ ለእናቴ ካመጣችላት ስጦታዎች አንዱ ቡና ነበር። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ከአሜሪካ፣ ወደ ኢትዮጵያ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለምታፈላ አሮጊት፣ ቡና። "ለቀባሪው አረዱት" የሚባለው ለካ እንዲህ ያለው ነው።

ከረጢቱ ያምራል። ልጅቱ እየተረጎመች አነበበችልን። ይርጋጨፌ፣ ገደብ ወረዳ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር። የዝርያው ስም ኩሩሜ። የታጠበ። የተቆላበት ቀን ከነወሩ። ከዚያም የገበሬው ስም ከነአባቱ፤ ከሥሩ "የአንድ አነስተኛ የቤተሰብ እርሻ ውጤት" የሚል። ጣዕሙ የአበባ፣ የሎሚና የኮክ ነው ይላል። 340 ግራም። ዋጋው 24 ዶላር። ዋጋውን እንኳ ለእናቴ አልነገርናትም፤ ደም ግፊት አለባት።

እናቴ ከረጢቱን ከፍታ እፍኝ ያህል መዳፏ ላይ አፈሰሰች። አየችው። ወደ ብርሃን ወስዳ ደግማ አየችው። ከዚያም ፍርዷን ሰጠች፦

"ይሄማ ጥሬ ነው። የተቆላ ማሽላ ነው የሚመስለው። አሜሪካኖች ከሰል አልቆባቸዋል እንዴ?"

ልጅቱ ለማስረዳት ሞከረች። ላይት ሮስት እንደሚባል፣ ፈካ ብሎ የሚቆላው ሆን ተብሎ እንደሆነ፣ ብዙ ከተቆላ የአገሩ ጣዕም እንደሚጠፋ ተናገረች። እናቴ በትዕግሥት አዳመጠች። አዳምጣ ስትጨርስ ምጣዷን ጣደችና ሙሉውን ከረጢት ገለበጠችበት።

"እማማ፣ ተይ! ተቆልቷል'ኮ!"

"ዝም በይ። እኔ ቡና መቁላት ስጀምር እናትሽም አልተወለደች።"

ቤቱ በጢስ ታፈነ። የ24 ዶላሩ ቡና ዓይናችን እያየ ከሰለ። ተወቀጠ፣ ፈላ፣ ተቀዳ። እናቴ አንድ ጊዜ ፉት አለችና "ምንም አይልም" ብላ ስኒውን አስቀመጠች። እኛ ሳቅን። ልጅቱ ግን አልሳቀችም።

ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ባዶውን ከረጢት አንስቼ እንደገና አየሁት። የከነከነኝ ዋጋው አልነበረም፤ ሎሚና ኮኩም አልነበረም። የገበሬው ስም ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ስጠጣ የኖርኩ ሰው፣ የጠጣሁትን ቡና ያበቀለ የአንድም ሰው ስም አላውቅም። ስም ይቅርና ወረዳውን አላውቅም። የእኛ ሰፈር ባለሱቅ ደግሞ ከይርጋጨፌ ሌላ ቡና ሸጦ አያውቅም። የአዲስ አበባ ባለሱቆች "የይርጋጨፌ ነው" ብለው የሚምሉበትን ቡና ሁሉ ይርጋጨፌ አብቅላው ቢሆን ኖሮ ወረዳዋ የአፍሪካን ግማሽ ታክል ነበር።

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት "ፈረስ አጎቴ ነው" አለች ይባላል። የእኛም ቡና እንደዚያው ነው። አባትህ ማነው ሲሉት "ሲዳማ አጎቴ ነው፤ ሐረር የሩቅ ዘመዴ ነው" ይላል። አባቱን የሚያውቀው ባሕር ከተሻገረ በኋላ ነው። እዚያ ስሙ በከረጢት ላይ ይጻፍለታል፤ እዚህ ግን ዲቃላ ነው።

ለምን?

አጭሩ መልስ፣ ጥሩው ቡና ለእኛ ስላልሆነ ነው። እናቴ ይህን የምታውቀው በምጣዷ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሕጉ ልጀምር። ለውጭ ገበያ የሚሆን ደረጃ ያሟላ ቡና አገር ውስጥ መሸጥ ለአሥርት ዓመታት ክልክል ሆኖ የኖረ ነገር ነው። እኛ ስንጠጣ የኖርነው ላኪው አበጥሮ፣ አንጓልሎና ለቅሞ "ይሄ ዶላር አያመጣም" ያለውን ነው። ነቀዝ የበሳውን፣ የጠቆረውን፣ ሳይበስል የተለቀመውን፣ ዝናብ አግኝቶት የሻገተውን። ኬላ ላይ ቆሞ የሚፈትሸው ሰው የሚፈልገው ጥሩውን ቡና ነው። "ሕገ ወጥ ቡና ተያዘ" የሚል ዜና ስትሰሙ ብዙውን ጊዜ ትርጉሙ "ኢትዮጵያዊ ሊጠጣው የነበረ ጥሩ ቡና በቁጥጥር ሥር ዋለ" ማለት ነው። በገዛ አገሩ ኮንትሮባንድ የሆነ ፍሬ!

የሚገርመው፣ ለዚህ ለተጣለው ቡና የምንከፍለው ገንዘብ ነው። የአገር ውስጥ ዋጋ ከውጭው በልጦ ላኪዎች ያማረሩበትን ጊዜ እናስታውሳለን። በዚያ የዶላር እጥረት ዘመን ቡናውን በኪሳራ ልኮ፣ ባገኘው ዶላር ሌላ ዕቃ አስመጥቶ የሚያተርፍ ነጋዴ ነበር። እንዲህ ሲሆን የውጭው ሰው ምርጡን በርካሽ ይጠጣል፤ የእኛዋ እናት ደግሞ ግርዱን በውድ ትገዛለች። ከምናመርተው ቡና ግማሽ የሚሆነውን የምንጠጣው እኛው ራሳችን ነን። የአገሪቱ ትልቁ የቡና ደንበኛ ኢትዮጵያዊ ነው ማለት ነው። በየትኛው ንግድ ነው ትልቁ ደንበኛ ትራፊ የሚሰጠው?

አሁን ወደ እናቴ ምጣድ እንመለስ። ቡና ሲቆላ አንድ ሰዓት ላይ መንጣጣት ይጀምራል። ፈካ አድርገው የሚቆሉት ሰዎች የመጀመሪያው መንጣጣት እንዳለፈ፣ ፍሬው ገና ቀረፋ መስሎ ሳለ ያወጡታል። ያኔ የፍሬው ተፈጥሯዊ ኮምጣጣነት፣ ጣፋጭነትና መዓዛ አብሮት ይወጣል። የበቀለበት አፈር፣ ከፍታው፣ ዝርያው፣ እንዴት እንደታጠበና እንደደረቀ ሁሉ ስኒው ውስጥ ይናገራል። ጉድለትም ካለበት እንደዚያው ይናገራል። ያልበሰለው ፍሬ ይጎመዝዛል፤ የሻገተው ይሸታል። ፈካ ያለ አቆላል ምሥጢር መያዝ አይችልም። እያከረሩ ሲሄዱ ግን የፍሬው ድምፅ እየጠፋ የእሳቱ ድምፅ ይገናል። መጨረሻ ላይ ምርጡም ቡና ተራውም ቡና አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ ሁለቱም ከሰል።

እንግዲህ እናቴ ቡና የምታከስለው ባለማወቅ አይደለም። ስታውቅ ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ የተሰጣት ቡና ጉድለት የሞላበት ስለሆነ፣ ጉድለቱን የምትሸፍንበት አንድ መሣሪያ ነበራት፤ እሳት። ሽታውን በእሳት አጠፋች፣ ጉምዛዜውን በስኳር ወይም በጨው አስታረቀች፣ የቀረውን በዕጣን ጢስ ሸፈነችው። ከዚያ እኛ መጣንና "ጠቆር ያለ ቡና ባህላችን ነው" ብለን ደረታችንን ነፋን። ባህሉ መሰባሰቡ ነው። ባህሉ አቦል፣ ቶና፣ በረካው ነው። ጎረቤት መጥራቱ፣ የቡናውን ጢስ በየተራ ወደ ራስ እያማጉ መመረቁ ነው። ማክሰሉ ግን ባህል ሳይሆን መድኃኒት ነው። መድኃኒትን ባህል ብሎ መጥራት በሽታውን ማስረሳት ነው።

አንዳንዱ አንባቢ እዚህ ጋ "ይሄ ሰውዬ ፈረንጅ ሆነ" ማለቱ አይቀርም። "የሎሚና የኮክ ጣዕም እያለ ሊያሾፍብን ነው፤ ቡና ቡና ነው የሚጣፍጠው" ይለኛል። ልክ ነው፤ ጠቆር ያለውን የሚወድ ጠቆር ያለውን ይጠጣ። ምላስ ላይ አዋጅ አይወጣም። የእኔ ክርክር ግን ሌላ ነው። ጥሩውን አይቶ ጠቆር ያለውን የመረጠ ሰው መርጧል። ጥሩው ተከልክሎበት ግርዱን ያከሰለ ሰው ግን አልመረጠም። እኛ ገና ምርጫው አልቀረበልንም።

አሁን ወደ ስሙ ጉዳይ እንግባ። የስማችን ታሪክ አስቂኝም አሳዛኝም ነው።

በ1997 ዓ.ም. መንግሥታችን ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ከስታርባክስ ጋር ትልቅ ውዝግብ ተነሣ፤ ዓለም ሰማው። "ጥቁር ወርቅ" የተሰኘው ዘጋቢ ፊልምም በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ወጥቶ የገበሬውን ድርሻ ለዓለም አሳየ። በመጨረሻ ሰኔ 1999 ላይ ስምምነት ተፈረመና ስሞቹ የእኛ ስለመሆናቸው እውቅና አገኘን። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ብለን አጥራችንን አስከበርን። ደስ አለን፤ ደስ ሊለንም ይገባ ነበር።

ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ምን አደረግን? በ2001 ዓ.ም. ቡና በሙሉ ማለት ይቻላል በምርት ገበያ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ገበሬው ያመረተው ወደ መጋዘን ይገባል፣ ደረጃ ይሰጠዋል፣ ደረጃው አንድ ከሆነው ጋር ይደባለቃል፣ ከዚያ በደረጃው ስም ይሸጣል። የአካባቢው ትልቅ ስም ቀረ፤ የቀበሌው፣ የማጠቢያ ጣቢያውና የገበሬው ስም ግን መጋዘኑ በር ላይ ቀረ። የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና ሰፋፊ እርሻዎች በቀጥታ መላክ ስለሚችሉ ስማቸውን ይዘው ተሻገሩ። ስሙን ያጣው ትንሹ ገበሬ ነው። ከስታርባክስ ያስጣልነውን ስም በገዛ እጃችን ከማኅበር ውጭ ከነበረው ገበሬ ላይ ገፈፍነው።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን የምርት ገበያውን ወገን ልናገር። ከእርሱ በፊት ነጋዴው ቡናውን ወስዶ ገንዘቡን የሚያስቀርበት፣ ገበሬው የአዲስ አበባን ዋጋ ሳያውቅ የሚሸጥበት ዘመን ነበር። ምርት ገበያው ሻጩ ገንዘቡን በማግስቱ እንዲያገኝ አደረገ። የዋጋ ሰሌዳ በየከተማው ተከለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ያላመሰገነ ሰው ያለፈውን የረሳ ነው። ስህተቱ ስንዴንና ቡናን አንድ ማድረጉ ላይ ነው። የእኔ ስንዴና የአንተ ስንዴ ቢደባለቁ ዳቦው አይከፋም። የእኔ ቡናና የአንተ ቡና ሲደባለቁ ግን የተጋው ገበሬ ከሰነፉ ጋር እኩል ይከፈለዋል። ቀዩን ብቻ ለቅሞ፣ አልጋ ላይ በየሰዓቱ እያገላበጠ ያደረቀው ሰው "ለምን ደከምኩ?" ይላል። በዓመቱ እሱም ቀዩን ከአረንጓዴው ጋር አብሮ ይመነጭጋል። ስም ማለት ጌጥ አይደለም፤ የልፋት ደሞዝ የሚከፈልበት ደብተር ነው። ደብተሩ ሲጠፋ ልፋቱም ይጠፋል።

ይህ ከሆነ ዘንድ ዓለም ዝም ብሎ አልጠበቀንም። ከከፋና ከቤንች አካባቢ፣ ጌሻ ከምትባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተወሰደ ዘር በኬንያና በታንዛኒያ አልፎ ኮስታሪካ ገባ፤ ከዚያም ፓናማ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የፓናማ የቤተሰብ እርሻ፣ አሲየንዳ ላ ኤስሜራልዳ፣ ይህንኑ ቡና ከሌላው ለይቶ ለውድድር አቀረበውና ዳኞቹን አስደነገጠ። በ2025 በተደረገ ጨረታ የዚሁ እርሻ ጌሻ በኪሎ ከ30,000 ዶላር በላይ ተሸጠ። ዘሩ የማን ነው? የእኛ። ስሙስ? የእኛ። ገንዘቡስ? ጥያቄውን ለእናንተ ትቻለሁ። ፓናማዎቹ ግን አልሰረቁንም፤ እኛ የማናደርገውን አደረጉ። ዛፉን ከዛፍ ለዩት። "ይሄ የእገሌ እርሻ፣ ይሄ ደግሞ የእገሌ ዝርያ" አሉ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል፤ እኛ ወርቁን እየቀላቀልን በኩንታል ስንሸጥ ኖርን።

የእኛ ገበሬ ይህን አይችልም የሚል ካለ ሰኔ 2012ን ያስታውስ። "ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ" የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ መጣ። ከ1,400 በላይ ናሙናዎች ቀረቡ። አንደኛ የወጣው የሲዳማው ገበሬ የንጉሤ ገመዳ ቡና ነበር። በጨረታ አንዱ ፓውንድ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ፤ በኪሎ ከ400 ዶላር በላይ ማለት ነው። ያ ቡና ከአምስትና ከስድስት ዓመት በፊት ተለቅሞ ቢሆን ኖሮ ከጎረቤቱ ቡና ጋር ተደባልቆ፣ ደረጃ ተሰጥቶት፣ ስም አልባ ሆኖ በሄደ ነበር። አፈሩ ያው፣ ዛፉ ያው፣ ሰውዬው ያው። የተለወጠው ስሙን ይዞ እንዲቆም መፈቀዱ ብቻ ነው። ይህንን ያስቻለው በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ነው። ቡና ከነመገኛው እንዲሸጥ፣ አቅራቢው ከላኪው ጋር በቀጥታ እንዲተሳሰር፣ ገበሬውም ራሱ እንዲልክ በር ከፈተ። የሚመሰገነውን እናመስግን።

በር መከፈቱና በበሩ መግባት ግን ሁለት ነገር ነው። እስቲ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሃያ ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 ይይዛል፤ 192 ኩንታል ማለት ነው። ግማሽ ሔክታር ያለው ገበሬ በሔክታር ስድስት ሰባት ኩንታል ቢያገኝ በዓመት ሦስት ኩንታል ከምናምን ያመርታል። አንድ ኮንቴይነር ለመሙላት ስልሳ ያህል ቤተሰብ ያስፈልጋል። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ከረጢት ላይ "የአንድ ቤተሰብ እርሻ" የሚለውን ስታነቡ ቆም በሉ። እውነት የሆነበት ጊዜ አለ። ደግሞ የመቶዎች ገበሬዎች ቡና አንድ ማጠቢያ ጣቢያ ገብቶ፣ ከረጢቱ ላይ የአንዱ ፎቶ ብቻ የሚወጣበት ጊዜም አለ። ጺማቸው የሸበተ አባት ፈገግ ብለው ይታያሉ። ፎቶው ስንት እንደተከፈላቸው አይናገርም።

ስንት ተከፈላቸው? ይህንንም እናስላ። ፈካ ብሎ የተቆላ ቡና ከክብደቱ 15 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ለ340 ግራም 400 ግራም ጥሬ ቡና ይፈልጋል። ለአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ይለቀማል። ይህ ከረጢት እንግዲህ 2 ኪሎ ከ400 ግራም እሸት ነው። ገበሬው ኪሎውን በ100 ብር ሸጠ እንበል። 240 ብር። ዶላሩን በ150 ብር ብንመነዝረው 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም። ከ24 ዶላሩ መሆኑ ነው። ማጠቢያው፣ ማድረቂያው፣ መኪናው፣ መርከቡ፣ ቆይው፣ ኪራዩ፣ ታክሱ ወጪ እንዳለበት አልክድም። ሁሉም ከረጢቱ ላይ ስሙ ባይጻፍም ድርሻውን ይወስዳል። ስሙ የተጻፈለት ሰው ግን ትንሹን ይወስዳል። ስም ያለ ዋጋ ሲሆን ስዕል ነው። ስለዚህ "የገበሬውን ስም ጻፉ" ስል "ምን እንደተከፈለውም ጻፉ" ማለቴ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ያ ገበሬ ቤቱ ምን እንደሚጠጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ጓሮው ያለውን ጥሩ ፍሬ የሚያፈላ አለ፤ የታደለ ነው። በብዙ ቦታ ግን ፍሬው ወደ ገበያ ይሄድና ቤት ውስጥ ቅጠሉ ወይም ገለፈቱ ይፈላል። ሐረር ላይ የቅጠሉን "ቁጢ" ይሉታል፤ ጣዕሙን ወዶ የሚጠጣው ብዙ ነው፤ መጠጡም ራሱን የቻለ ባህል ነው። ፍሬውን ስለሸጠው ብቻ ቅጠሉን የሚጠጣውን ግን ባህል ብዬ ልሸፍነው አልችልም።

አንድ መከራከሪያ ይቀራል፤ ዶላር። "ጥሩውን እኛ ከጠጣን አገሪቱ በምን ነዳጅ ትገዛለች?" ይሉኛል። ቀልድ አይደለም። በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝተናል፤ እስከዚያ ድረስ ታይቶ የማይታወቅ ገቢ ነበር። ይቀጥል፣ ይብዛ። እኔ መላክ ይቅር አላልኩም። ግን ሕጉን የወለደው ፍርሃት ዛሬም ያው ነው ወይ? ያ ሁሉ ክልከላና ኬላ የቆመው የዶላር ዋጋ በመንግሥት በሚወሰንበት ዘመን ነበር። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ነው። ላኪው ዛሬ ዶላሩን የሚመነዝርበት ዋጋ ራሱ ወደ ውጭ ይጎትተዋል፤ በኬላ መግፋት ለምን አስፈለገ? ጥሩ ቡና መጠጣት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ደግሞ በነጻ ስጡኝ አላለም። ልክፈል ነው የሚለው። ገበሬው ሁለት ገዢ ሲኖረው የሚከፋው ማን ነው? አንድ ገዢ ብቻ መሆን የለመደው ነው።

እርግጥ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ ፈካ ያለ ቡና የሚያቀርቡ፣ የወረዳውን ስም ሰሌዳ ላይ የሚጽፉ ቤቶች ተከፍተዋል። ገብቼባቸዋለሁ። አንዱ ስኒ የመንገድ ዳር ጀበና ቡና የብዙ ስኒ ዋጋ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ወጣቶች በሹክሹክታ በእንግሊዝኛ ያወራሉ። ቡናው ጥሩ ነው፤ አልዋሽም። ግን እዚያ ቤት እናቴ ትገባለች? የገበሬውን ስም ማወቅ የሀብታም መዝናኛ ከሆነ ሕጉን በሌላ መንገድ አጠርነው ማለት ነው፤ ኬላው ከመንገድ ተነሥቶ ዋጋ ዝርዝር ላይ ተተከለ።

እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ለውጭ የሚበቃ ቡና ለአገር ውስጥም በግልጽና በሕጋዊ መንገድ ይሸጥ። ሱቅና ጉሊት ውስጥ ያለው ቡና ቢያንስ ወረዳውንና የተለቀመበትን ዓመት ይናገር። "የይርጋጨፌ ነው" ብሎ የማለ ባለሱቅ ይጠየቅ፤ ዘይት በዘይት ስም፣ ቅቤ በቅቤ ስም እንዲሸጥ እንደምንፈልገው። ከረጢት ላይ የገበሬ ፎቶ የሚለጥፍ ሁሉ የከፈለውን አብሮ ይለጥፍ። እኛ ጠጪዎቹ ደግሞ መጠየቅ እንልመድ። ፈረንጅ "ይህን ያበቀለው ማነው?" ብሎ ሲጠይቅ ተቀናጣ እንላለን። እንዴት ነው የራስን እንጀራ ማን እንዳበቀለው መጠየቅ ቅንጦት የሚሆነው?

በእርግጥ ይህን ጥያቄ ከፈረንጅ የተማርነው አልነበረም። ያንን ያወቅሁት ከዚያ ከከሰለው ከረጢት በኋላ ሁለት ወር ቆይቶ ነው።

የእናቴ የአክስቷ ልጅ ከጅማ በኩል፣ ከጎማ፣ ሊጠይቃት መጣ። በፌስታል ጠቅልሎ ሁለት ኪሎ ያህል ቡና ይዞላት መጣ። ከረጢት የለውም፣ ከፍታ የለውም፣ ኮክና ሎሚ የለውም። እናቴ ፌስታሉን ከፈተች። እፍኝ ያህል መዳፏ ላይ አፈሰሰች። አሸተተችው። ከዚያ፣ ሰላምታው እንኳ በቅጡ ሳያልቅ፣

"የማን ጓሮ ነው?" አለችው።

"የጋሼ ነው፤ ከወንዙ በላይ ያለው።"

"ከግራሩ ሥር ያለው?"

"እሱ።"

ምጣዷን ጣደች። እኔ ወንበሬን አስጠግቼ ተመለከትኩ። ፍሬው መንጣጣት ጀመረ። ጥቂት አማሰለችው። ገና ቀረፋ ከመምሰል ትንሽ አልፎ፣ ጢሱ ገና ነጭ እያለ፣ ምጣዱን ከእሳት አወረደች። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

"እማዬ፣ ይሄ'ኮ ጥሬ ነው!" አልኳት። ነገር ልቆሰቁስ ፈልጌ ነው።

እናቴ ቀና ብላ እንደ ሞኝ አየችኝ።

"የማን እንደሆነ እየታወቀ" አለች፣ "ለምን ይቃጠላል?"